ሦስት ቤዥ፣ አንድ ሳሎን፦ የቤት ቀለም ጥያቄዎች ከደሴና ከኮምቦልቻ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልን አዘጋጆች። ቤታችን ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ነው። ሳሎኑ 4 ሜትር በ4 ሜትር፣ ቁመቱ 2.80 ነው። አንዱ መስኮት በምዕራብ ወደ ጦሳ ተራራ፣ ሌላው ወደ ሰሜን ይከፈታል። የግድግዳው ማለስለሻ ስቱኮ ተስቦ አልቋል። ከካታሎግ ሦስት ቤዥ ለይተናል፤ ባለቤቴ «በጣም ይለያያሉ» ትላለች፣ እኔ ልዩነታቸው አይታየኝም፣ ቀቢው ደግሞ «ሁሉም ያው ነው፣ ዝም ብላችሁ ግዙ» ይለናል። ወለሉ ቡናማ ሴራሚክ፣ መጅሊሱ ወይን ጠጅ ነው። እንዴት እንምረጥ? ስንት ሊትርስ እንግዛ?

መልስ፦ ያው አይደለም፤ ባለቤትዎ የሚያዩት ነገር አለ። ቤዥ የሚሠራው ነጭ መሠረት ላይ ትንሽ ቢጫ ኦክሳይድ፣ ከዚያ ያነሰ ቀይ ኦክሳይድና ጠብታ ጥቁር ተጨምሮ ነው። ቀዩ ትንሽ ካየለ ቤዡ ወደ ሮዝ ይሄዳል፤ ቢጫው ካየለ ወደ ቅቤ። ጥቁሩ ከቢጫው ጋር ሲገናኝ አረንጓዴ ያወጣል፤ ሰዎች «ግድግዳው የታመመ መሰለ» የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ይሄኛውን ነው። ቢጫውም ቀዩም ቀንሰው ጥቁሩ ሲበረታ ደግሞ ግራጫማ ቤዥ ይሆናል። ካታሎግ ላይ ግን አንዱ ናሙና ከሁለት ጣት አይሰፋም፣ ዙሪያውም ሌላ ቤዥ ነው። ዓይን መነሻ የሚያደርገው ነጭ ስለሚያጣ ልዩነቱ ይጠፋበታል።

የመጀመሪያው ፈተና ገንዘብ አይጠይቅም። መስኮት አጠገብ ንጹሕ ነጭ ወረቀት ዘርጉና ናሙናዎቹን አንድ በአንድ እላዩ ላይ አስቀምጡ። ከነጩ ጋር ሲተያይ ሮዝነቱ ወይም አረንጓዴነቱ ራሱ ይወጣል። ካታሎጉ በአንድ ገጽ ከፈዛዛ ወደ ደማቅ የተደረደረ ከሆነ ደግሞ የታችኛውን፣ ደማቁን ተመልከቱ። ታችኛው ጡብ የሚመስል ከሆነ ላይኛው ቤዥ ውስጥ ቀይ አለ፤ ታችኛው ወይራ ከመሰለ ላይኛው አረንጓዴ ይዟል። በዚህ ብቻ ከሦስቱ አንዱ ሊወድቅ ይችላል።

ቀጥሎ የማይቀየረውን አስቀድሙ። ቀለም በፈለጋችሁ ጊዜ ይቀየራል፣ ሴራሚክ ግን ለቀለም ተብሎ አይነቀልም። ናሙናውን ወለሉ ላይ ሳታስተኙ፣ ከግድግዳው ጋር አቁማችሁ ከሴራሚኩ አጠገብ እዩት፤ የተኛ ናሙና የኮርኒሱን ብርሃን ስለሚቀበል ከእውነቱ ይፈካል። ቡናማ ሴራሚክ ቀይ ያለበትም ግራጫ ያለበትም አለ። ቀይ ያለበት ከሆነ አጠገቡ የቆመ ቢጫማ ቤዥ ያረጀ ይመስላል፣ ሴራሚኩም ይበልጥ ይቀላል። ግራጫ ያለበት ከሆነ ግን ቢጫማው ቤዥ ይስማማዋል።

ወይን ጠጁ መጅሊስ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ብርሃን ሲያርፍበት ቀዩን መልሶ ከጀርባው ባለው ግድግዳ ላይ ይረጨዋል፤ ከወለል እስከ አንድ ሜትር ገደማ ያለው ክፍል ከላይኛው ይልቅ ቀላ ብሎ ይታያል። በራሱ ሮዝ ያለበት ቤዥ እዚያ ላይ የሥጋ ቀለም ይሆናል። ከሦስቱ አንዱ ሮዝማ ከሆነ ከወዲሁ አውጡት።

ስለ ብርሃን። ከውጭ በሚመጡ መጽሔቶችና ቪዲዮዎች «ወደ ሰሜን የሚያይ ክፍል ፀሐይ አያገኝም» ይባላል። ያ ለአውሮፓ ነው። ደሴ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች ከሚያዝያ ሁለተኛ ሳምንት እስከ ነሐሴ ሦስተኛ ሳምንት የቀትር ፀሐይ ከአናታችን ወደ ሰሜን ዘንበል ትላለች። በግንቦት የሰሜን መስኮታችሁ ቀጥታ ፀሐይ ያገኛል። ከጥቅምት እስከ የካቲት ደግሞ ፀሐይዋ በደቡብ በኩል ስለምትሄድ የሚገባው የሰማይ ብርሃን ብቻ ነው፤ እሱም ሰማያዊ ያደላበታል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጉሙ ሲወርድ ሁሉም ነገር ወደ ግራጫ ይሄዳል። በምዕራብ በኩል ጦሳ አለ። ለምዕራብ መስኮት የሚሰጠው «ቢጫማ ቤዥ ወደ ማታ እንደ እሳት ይነዳል» የሚል ማስጠንቀቂያ ለሜዳ ከተማ ይሠራል፤ እናንተ ዘንድ ግን ፀሐይዋ ያን ቀይ ብርሃኗን ሳትልክ ከተራራው ጀርባ ትገባለች።

ስለዚህ ክፍላችሁ አብዛኛውን ጊዜ ቀዝቃዛ ብርሃን ነው የሚያገኘው። ግራጫማ ቤዥ እዚህ ክረምቱን ሙሉ ሲሚንቶ ይመስላል፤ አረንጓዴ ያለበትም ይብስበታል። ሴራሚኩ ግራጫማ ቡናማ ከሆነ ለስለስ ያለ ቢጫ ያለበትን እንመርጣለን። ሴራሚኩ ቀይ ካለበት ከቢጫማውና ከግራጫማው መካከል ያለውን ውሰዱ። ነገር ግን ከመስኮቱ በታች ያለውን አትርሱ፦ በቁልቁለት ላይ የጎረቤት ጣሪያ ከመስኮታችሁ ዝቅ ብሎ ይውላል፤ አረንጓዴ የተቀባ ቆርቆሮ ከሆነ ቀትር ላይ አረንጓዴ ብርሃን ወደ ኮርኒሳችሁና ወደ ግድግዳችሁ ይልካል። ይሄን ካታሎግ አይነግራችሁም።

አሁን የቀሩትን ሁለቱን ሞክሩ። መደብሩ የሚሸጠውን ትንሹን ቆርቆሮ ግዙ። የካርቶን ወረቀት ውሃ ስለሚጠጣና ስለሚጣመም 50 በ70 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የጂፕሰም ቦርድ ወይም የቺፕውድ ቁራጭ ይሻላል። አንድ እጅ ነጭ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ መነሻ) ቀቡት። ከደረቀ በኋላ ቤዡን በትንሽ ሮለር፣ በብሩሽ ሳይሆን፣ ሁለት እጅ ቀቡ፤ በሁለቱ መካከል 4 ሰዓት ያህል ይቆይ። ዙሪያውን 3 ሴንቲ ሜትር ነጭ ጠርዝ ተዉለት። ፍርዱን በማግስቱ ስጡ፤ የውሃ ቀለም እርጥብ ሳለ ፈካ ይላል፣ ሲደርቅ ይጠቁራል።

አንዳንዱ ሰው ናሙናውን በቀጥታ አሮጌው ግድግዳ ላይ ይለቀልቃል። አይሆንም። አሮጌው ግድግዳ ውሃ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ከጎኑ ያረፈ ማንኛውም ቤዥ ከእውነቱ በላይ ሮዝ ይመስላል። የእናንተ አዲስ ስቱኮ ቢሆንም ሰሌዳው ይሻላል፤ ተንቀሳቃሽ ስለሆነ በሦስት ቦታ ታዩታላችሁ፦ መስኮቱ ባለበት ግድግዳ ላይ (ብርሃን ከጀርባው ስለሚመጣ ከሁሉ የሚጨልመው እሱ ነው)፣ ከመስኮቱ ፊት ለፊት፣ እና ጥግ ላይ። ለጥጉ ሁለት ሰሌዳ በአንድ ቀለም ቀብታችሁ በማዕዘን አጋጥሟቸው። ግድግዳ ከግድግዳ ጋር ሲተያይ ቀለሙ እርስ በርሱ እየተንጸባረቀ ይወፍራል፤ አራቱም ግድግዳ ሲቀባ የምታዩት ያንን ነው። «ካታሎጉ ላይ ክሬም ነበር፣ ቤቴ ግን ቢጫ ሆነ» የሚለው ሮሮ መነሻው ይሄ ነው። በሁለት መካከል ከተጠራጠራችሁ አንድ ደረጃ የፈዘዘውን ውሰዱ።

ጠዋት 2 ሰዓት፣ ቀትር፣ ከሰዓት 10 ሰዓት ተኩል፣ ማታ ደግሞ መብራት በርቶ እዩት። በሁሉም ሰዓት የሚያምር ቤዥ አትፈልጉ፣ አይገኝም። ቤተሰቡ ሳሎን የሚቀመጥበት ሰዓት ላይ የሚያምረው ይበቃል።

አንዳንድ ካታሎግ ከቀለሙ ጀርባ ምን ያህል ብርሃን እንደሚመልስ ከ0 እስከ 100 በቁጥር ይጽፋል። 0 ጥቁር፣ 100 ነጭ ነው። ለእናንተ ሳሎን ከ60 እስከ 72 ያለው ጥሩ ነው። ከ50 በታች ከሆነ በክረምት ቀን በቀን መብራት ታበራላችሁ።

መጠኑን በተመለከተ፦ የግድግዳው ዙሪያ 16 ሜትር፣ በ2.80 ሲባዛ 44.8 ካሬ ነው። በሩንና ሁለቱን መስኮቶች ስትቀንሱ 39 ካሬ ገደማ ይቀራል። ጥሩ የውሃ ቀለም ለስላሳ ግድግዳ ላይ በሊትር 10 ካሬ ያህል በአንድ እጅ ይሸፍናል፤ አዲስ ስቱኮ ግን ስለሚጠጣ የመጀመሪያው እጅ ወደ 7 ወይም 8 ይወርዳል። ስለዚህ 10 ሊትር ግዙ፤ የሚተርፈው ለጥገና ይሆናል። «ጋሎን» ሲባል ስንት ሊትር እንደሆነ ቆርቆሮው ላይ አንብቡ፣ ሁሉም እኩል አይደለም።

ጥያቄ፦ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። መኝታ ቤቱን በአንድ ቁጥር ቤዥ አስቀባሁ። መሃል ላይ ቀለሙ አለቀና በማግስቱ ከዚያው መደብር ያንኑ ቁጥር ገዛሁ። አሁን ግድግዳው ላይ ከላይ እስከ ታች መስመር ይታያል። አንደኛው ወገን ደመቅ ብሏል። መደብሩ «ቀቢው ነው»፣ ቀቢው «መደብሩ ነው» ይላል። ማንን ልያዝ?

መልስ፦ ከመጨቃጨቅዎ በፊት ከሁለቱም ቆርቆሮ የተረፈውን በደንብ አማስለው አንድ ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን፣ ሳይቀጥኑ፣ ሁለት ሁለት እጅ ይቀቡና አንድ ቀን ያቆዩት። ሰሌዳው ላይም ከተለያዩ ጥፋቱ ቆርቆሮው ውስጥ ነው። ሰሌዳው ላይ አንድ ሆነው ግድግዳው ላይ ብቻ ከተለያዩ አቀባቡ ላይ ነው።

ቆርቆሮው ውስጥ ከሆነ ሦስት ምክንያት ሊኖር ይችላል። በእጅ የተቀላቀለ ቀለም ሁለት ጊዜ አንድ አይወጣም፤ ቤዥ ላይ ደግሞ የአንድ ጠብታ ጥቁር ልዩነት ዓይን ላይ ይወድቃል። በማሽን ቢቀላቀልም ነጭ መሠረቱ የሌላ ፋብሪካ ወይም የሌላ ምርት ቁጥር ከሆነ ይለያል። ሦስተኛው ብዙ የሚረሳው ነው፦ አንዱ ማት (የማያንጸባርቅ)፣ ሌላው ሳቲን (ለስለስ ብሎ የሚያንጸባርቅ) ከሆነ ቀለሙ አንድ ሆኖ ሳለ አንጸባራቂነቱ ያጣላቸዋል። ከጎን ዘንበል ብለው ሲያዩ ልዩነቱ ከጨመረ ጉዳዩ ይህ ነው።

አቀባቡ ላይ ከሆነ መጀመሪያ ውሃውን ይጠርጥሩ። የውሃ ቀለም ሲቀጥን እንደ ፋብሪካው መመሪያ ከ5 እስከ 15 በመቶ ውሃ ይበቃዋል። ቀለም እንዲበቃ ተብሎ ሲሶ ያህል ውሃ የገባበት ግን አይሸፍንም፣ ሥር ያለውን ያሳያል፣ ሲደርቅም በደረቅ ጨርቅ ሲታሽ ይለቃል። ጨርቅ ይዘው ሁለቱንም ወገን ይሹት፤ አንዱ ብቻ ዱቄት ከለቀቀ መልሱን አገኙ።

ሌላው የኮምቦልቻ ሙቀት ነው። ከደሴ በ600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፣ ቀትር ላይ ቀለሙ ሮለሩ ሳይመለስ ይደርቃል። የደረቀ ጠርዝ ላይ እርጥብ ሲደረብ መስመር ይቀራል። ጠዋት ጀምሮ እስከ 5 ሰዓት፣ ከዚያም ከሰዓት ፀሐይ ከግድግዳው ስትወርድ መቀባት ነው። አንድ ግድግዳ ላይ ሁለት ሰው ይሥራ፦ አንዱ ጥጉንና የኮርኒሱን ጠርዝ በብሩሽ እየቆረጠ ይቅደም፣ ሌላው በሮለር ከኋላው ይከተል። ግድግዳ መሃል ላይ ቡና ለመጠጣት አይወረድም፤ ጥግ ሲደርስ ነው የሚታረፈው።

ማስተካከያው መስመሩን መነካካት አይደለም፤ ቁራጭ ጥገና ቤዥ ላይ ሁሌ ይታያል። ግድግዳውን ከጥግ እስከ ጥግ በአንድ ቆርቆሮ ሙሉ እጅ ይድገሙት። ወደፊት የገዙትን ሁሉ በአንድ ትልቅ ባልዲ ገልብጠው፣ አማስለው ይጀምሩ። በቆርቆሮዎቹ ላይ ያለው የምርት ቁጥር አንድ መሆኑንም ከመደብሩ ሳይወጡ ይዩ።

ጥያቄ፦ ቀን ላይ የሚያምር ክሬም ነው፣ ማታ አምፖል ሲበራ አረንጓዴ ይሆናል። ደግመን እንቀባ? (ሆጤ፣ ደሴ)

መልስ፦ አምፖሉን ቀይሩ። ቤት ውስጥ በብዛት ያለው ነጭ ኤልኢዲ 6500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) ነው፣ ሰማያዊ ያደላበታል፤ ርካሹ ደግሞ ቀዩን ብርሃን በደንብ አያወጣም። ቤዥ ያለ ቀይ ብርሃን አረንጓዴው ብቻ ይቀርበታል። ካርቶኑ ላይ ከ3000 እስከ 4000 ኬልቪን የሚል፣ የቀለም አገላለጽ ቁጥሩም (CRI) 80 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ አንድ አምፖል ገዝታችሁ ሞክሩ። መጋረጃ ስትመርጡም ጨርቁን በዚያው አምፖል ሥር እዩት፤ በቀን ብርሃን ከግድግዳው ጋር የተስማማ ጨርቅ ማታ ሊለይ ይችላል።

ጥያቄ፦ የወላጆቻችን ቤት የጭቃ ነው፣ በሲሚንቶ ተለስኗል። ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ ውሃ ሰማያዊ የዘይት ቀለም ነው፣ ከዚያ በላይ ኖራ። ሙሉውን ቤዥ ማድረግ እንፈልጋለን። ቀቢው በቀጥታ የውሃ ቀለም እንቀባበት ይላል። (ደሴ፣ ፒያሳ)

መልስ፦ በቀጥታ አይቀባም። የሚያንጸባርቅ የዘይት ቀለም ላይ የውሃ ቀለም አይነክስም፤ በጥፍር ሲነካ እንደ ልጣጭ ይነሳል። ኖራው ላይ ደግሞ ከኖራው ጋር ይረግፋል። ሁለቱ የተለያየ ሥራ ይፈልጋሉ።

ሁሉን ከመጀመራችሁ በፊት እርጥበቱን መርምሩ፤ የጭቃ ቤት ከመሠረቱ ውሃ ይስባል። 50 በ50 ሴንቲ ሜትር የላስቲክ ቁራጭ ከወለሉ ከፍ ብሎ አራት ጠርዙን በፕላስተር ግድግዳው ላይ አሽጉና አንድ ቀን ተዉት። ከላስቲኩ ሥር ጤዛ ካለ ግድግዳው አልደረቀም። በክረምት ከሆነ እስከ ጥቅምት ጠብቁ፤ ውጭ ያለውን የዝናብ ውሃ መውረጃም አስተካክሉ። እርጥቡ ላይ የተቀባ ቤዥ ከታች ነጭ ጨው ይተፋል፣ ከዚያ ያብጣል። በቤዥ ላይ ደግሞ የውሃ እድፍ ቢጫ ሆኖ ይወጣል።

የዘይቱን ክፍል በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አንጸባራቂነቱ እስኪጠፋ ፈግፍጉ። የቆየ የዘይት ቀለም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ አይፈገፈግም፤ ውሃ እያስነካችሁ፣ አፍንጫ ሸፍናችሁ፣ ሕፃናትን አርቃችሁ ሥሩ። በሳሙና ታጥቦ ይድረቅ። ከዚያ አሮጌ ዘይት ቀለም ላይ የሚነክስ ፕራይመር አንድ እጅ። ያለ እሱ ውሃ ሰማያዊው ከቤዡ ሥር እያሳየ ሦስትና አራት እጅ ያስቀባችኋል፤ የፕራይመሩ ወጪ ከዚያ ያንሳል።

የኖራውን ክፍል የሚረግፈውን ሁሉ በስፓቱላና በጠንካራ ብሩሽ አራግፉ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ ለግድግዳ የሚሆን ሰርጎ የሚገባ ፕራይመር ስጡት። ወገብ ላይ ሁለቱ የሚገናኙበት ከፍታ ያለው ጠርዝ ስላለ ስቱኮ እዚያ ላይ በስፋት፣ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይና ወደ ታች፣ ሁለት ቀጭን እጅ ይሳብ። በጠባቡ ከተሳበ መጋረጃው ሲገለጥ የጎን ብርሃን መስመሩን ያወጣዋል። ለዚሁ ብላችሁ ማት ምረጡ፤ ሳቲን በአሮጌ ግድግዳ ላይ እያንዳንዱን የስፓቱላ ምልክት ያሳያል። ሲደርቅ በ180 ቁጥር አለስልሱና ሁለት እጅ ቤዥ።

በኅዳርና በታኅሣሥ የምትቀቡ ከሆነ የደሴን ብርድ አስቡ። የውሃ ቀለም ከ10 ዲግሪ በታች በደንብ አይያያዝም። ጠዋት 3 ሰዓት ግድግዳው ሲሞቅ ጀምሩ፣ የመጨረሻው እጅ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ይለቅ።

ጥያቄ፦ ግድግዳው ቤዥ ከሆነ ኮርኒሱና በሩ ምን ይሁን? ቤታችን ቡናና ዕጣን አይቋረጥም። (ኮምቦልቻ)

መልስ፦ ኮርኒሱን ጥርት ያለ ነጭ አታድርጉት፤ ከሥሩ ያለው ቤዥ የቆሸሸ ይመስላል። መደብሩን ለግድግዳው ከገባው ማቅለሚያ ሩቡን ብቻ ነጭ መሠረት ላይ ጨምሮ እንዲያቀላቅልላችሁ ጠይቁ፣ ያ ይበቃል። በሩ የእንጨት ከሆነ በቫርኒሽ ይቆይ። ቀለም ከሆነ ነጭ የዘይት ቀለም ብርሃን በማያገኝ ቦታ በጊዜ ብዛት ቢጫ ስለሚሆን፣ በውሃ የሚቀጥነውን ኢናሜል ውሰዱ ወይም ከመጀመሪያውም ክሬም አድርጉት።

ጭሱን በተመለከተ ከሰሉና ማጨሻው የሚቀመጥበት ግድግዳ ሊታጠብ የሚችል ሳቲን ይሁን፣ የቀረው ማት። ግን ሳቲኑን ግድግዳ መሃል ላይ አትጀምሩ፤ ከጥግ እስከ ጥግ ያንን አንዱን ግድግዳ ሙሉ ቀቡት። ጭስ የያዘውን አሮጌ ግድግዳ ሳታጥቡ ከቀባችሁ ቢጫው በአዲሱ ቀለም ውስጥ አልፎ ይወጣል፤ በሞቀ ውሃና በሳሙና አጥባችሁ፣ ቢጫው እንቢ ካለም እድፍ የሚያፍን ፕራይመር ቀብታችሁ ነው የምትጀምሩት።